የእግር መንገዶቻችን ጠፍ አይደሉም፤ «ተዘግተው ይታረሱ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳር ቀበሌዎች ስላሉት የእግር መንገዶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ደርሶኝ አነበብኩት። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ጠጠር መንገድና ባጃጅ ገጠር ከገቡ ወዲህ በየማሳው መካከል የሚያልፉት ቀጫጭን መንገዶች ሰው የማይረግጣቸው «ጠፍ መንገዶች» ሆነዋል፤ በይዞታ ደብተር ላይ ስላልተመዘገቡ የማንም መብት አይደሉም፤ ውሃ እየሰበሰቡ ቦረቦር ይፈጥራሉ፤ ጅብና ሌባ ይሸሸግባቸዋል፤ ቱሪስቱም በጀልባ እንጂ በእነሱ አይመጣም። ስለዚህ አዋሳኞቹ ከተስማሙ ይዘጉ፣ ለአዋሳኝ ገበሬዎችና ሥራ ላጡ ወጣቶች ይከፋፈሉ፣ የማይታረሰው ላይ ባሕር ዛፍ ይተከል ይላሉ።

ጸሐፊው ስለ ወጣቱ መሬት ማጣት የሚናገሩት ከልብ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ቁጭቱን እኔም እጋራቸዋለሁ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ግን ሊረዱት ያሰቡትን ድሃ መልሶ የሚጎዳ ነው። ያደግሁት በዚሁ በሐይቁ ደቡባዊ ዳር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከስያሜው ልጀምር። ጠፍ የምንለው ባለቤቱ ጥሎት የሄደን፣ ማረሻ ሳይነካው የከረመን መሬት ነው። በእኛ አካባቢ ሰው መንገዱን በዚህ ስም ሲጠራ አልሰማሁም። የገበያ መንገድ፣ የውሃ መንገድ፣ የከብት መንገድ፣ የወፍጮ መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን መንገድ ይለዋል፤ ጉዞ የሚያሳጥር ከሆነ ደግሞ አቋራጭ። ስሙ ራሱ ማን ለምን እንደሚሄድበት ይናገራል። ጸሐፊው ሁሉንም ጠቅልለው ጠፍ ሲሏቸው ውሃ የምትቀዳዋም፣ ከብት የሚነዳውም፣ ገበያ የሚወጣውም ከጽሑፉ ወጡ። ስለ ስሙ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል።

ማንም አይሄድባቸውም የሚለው የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም ማለት አለብኝ። ጸሐፊው እንደገለጹት መንገዶቹን ተዘዋውረው ያዩዋቸው በጥር፣ በአዘቦት ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከብቱ ወጥቶ ግጦሽ ላይ ነው፤ ተማሪው ክፍል ገብቷል፤ ሴቶቹ ውሃውን ገና ሳይነጋ ቀድተው ተመልሰዋል፤ ገበያውም ሌላ ቀን ነው። የእግር መንገድ የራሱ ሰዓትና ወቅት አለው። በዚያ ሰዓት ባዶ ሆኖ ማየታቸውን አልጠራጠርም፤ ከዚያ ተነሥተው «ማንም» ማለታቸው ነው ያልተዋጠልኝ።

ወቅቱን በተመለከተ ጣና ራሱ ምስክር ነው። ሐይቁ ሞልቶ ከፍተኛው ልኩ ላይ የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ ወዲህ እየጎደለ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ዳሩ ገደላማ በሆነበት በዘጌ በኩል ይህ ብዙም አይታይም፤ ሜዳው ዝርግ በሆነበት በፎገራና በደምቢያ በኩል ግን የአንድ ሜትር ውሃ ብዙ መሬት ይሸፍናል፣ ብዙ መሬት ይገልጣል። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ገበሬው ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ያበቅልበታል። መንገዱም ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በበጋ ሰውና ከብት የሚመላለሰው በታችኛው፣ ውሃው በለቀቀው ደረቅ መሬት ላይ ነው። ሐይቁ ሲመለስ ያ መንገድ ይሰምጥና ሁሉም ወደ ላይኛው፣ በማሳዎቹ ጠርዝ ወደሚያልፈው ይወጣል። በጥር ሣር በቅሎበት የሚታየው ይኸው የላይኛው ነው። እሱን ዘግተን ብናርሰው በመስከረም ሰዉ በየት ሊሄድ ነው?

ይህ ከእውነት የራቀ ስጋት እንዳይመስል፣ ሐይቁ ዛሬ እንደ ድሮው በዝናብ ብቻ የሚሞላና የሚጎድል አለመሆኑንም ላስታውስ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በር ላይ በ1988 ዓ.ም. የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠርቷል፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ወርዶ መርከቦች ጉዟቸውን እስከማቋረጥ ደርሰው ነበር፤ የተገለጠው የሐይቅ ወለልም ታርሷል። ውሃው ግን ተመልሶ መጣ። ዳሩ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ወዲያና ወዲህ በሚልበት አገር አንዱን መንገድ ብቻ ትቶ ሌላውን ማጥፋት መውጫን መዝጋት ነው።

ክረምቱ ሌላው ነገር ነው። ጉማራና ርብ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ሲፈሱ፣ የሩዝ ማሳው ሁሉ ውሃ ሲይዝ፣ ጥቁሩ አፈር እግር ሲያስር፣ ሰው የሚሄደው ከፍ ከፍ ባሉት ጠርዞች ነው። የትኛው ጠርዝ እንደማይሰምጥ የሚያውቀው ከአባቱ ጋር የሄደበት ሰው ነው። እነዚህ መንገዶች በበጋ ማንም ላይፈልጋቸው ይችላል። በነሐሴ ግን ወላድን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ቃሬዛን ሳላነሳ አላልፍም። ጸሐፊው የእግር መንገድን ስፋት ለአንድ ሰው እንደሚበቃ አድርገው አቅርበው ቀሪውን ትርፍ መሬት ብለውታል። በቃሬዛ በሽተኛ የተሸከመ ሰው ይህን አይልም። አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይሸከማል፣ ተለዋጮች ከጎንና ከኋላ ይከተላሉ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይቀያየራሉ። አስከሬንም የሚሄደው በዚሁ ነው፤ ለቀስተኛው በሙሉ ከኋላ ይከተላል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆንስ? በዚያ ቀን መንገዱ ጠቦ ተሸካሚው የሰው አዝመራ ረግጦ እንዲያልፍ ከተገደደ ለቀስተኛውም ባለማሳውም ይቀየማል። ብዙ የጎረቤት ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። እድሮች የመንገዱ ነገር የሚያሳስባቸው በከንቱ አይደለም።

የታቦት መንገድም እንዲሁ ነው። ታቦት ጥር 10 ወርዶ ለጥምቀት ወደ ውሃው ዳር ሲያድር፣ በማግሥቱም ሲመለስ፣ ከካህናቱ፣ ከጥላውና ከሚያጅበው ሕዝብ ጋር ነው። በየካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ ወዳለው ዑራ ገዳም የሚሄደውን ምእመን ያየ ሰው እነዚያን በቡናው ውስጥ የሚሽሎከለኩ መንገዶች ሰው አልባ ሊላቸው አይችልም። ከዚህ ቀን ውጪ ሲታዩ ጭር ማለታቸው እውነት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና የቆሎ ተማሪውንም አልዘነጋም፤ ከደጅ ደጅ ሲዞር ባጃጅ አይሳፈርም።

ከማሳ ይልቅ ሐይቁ መተዳደሪያቸው የሆነ ሰዎችም አሉ። ነገደ ወይጦዎች በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ እየረጠበ ከሰነበተ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ታንኳ ሠሪውም ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምደውም ወደ ደንገሉና ወደ ዳሩ የሚያደርስ መንገድ የግድ ያስፈልገዋል። አዋሳኞች ከተስማሙ ይዘጋ ሲባል እነዚህ ሰዎች አይጠየቁም፤ አዋሳኝ የሚያሰኝ ማሳ የላቸውማ።

ጸሐፊው እነዚህ መንገዶች ከድሮም ትርጉም አልነበራቸውም የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። ቆራጣን ላንሳላቸው። በሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ ዳር ያለችው ይህች ቦታ በጎጃምና በጎንደር መካከል ሲራራ ነጋዴ የሚያልፍባት፣ የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝን መልእክተኞች ያቆዩት እዚያ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ላይ ሰፍረው ነበር። ዛሬ የጎንደሩ አስፋልት በሐሙሲት በኩል ያልፋል፣ ቆራጣም ከዋናው መንገድ ገለል ብላ ቀርታለች። የዛሬዋ ጸጥታዋ አስፋልቱ በሌላ በኩል በመዘርጋቱ የመጣ እንጂ ከጥንት የነበረ አይደለም። ወደ ጭስ ዓባይ ፏፏቴ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ያለው የአላታ ድልድይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። ለእግረኛና ለጋማ ከብት የተሠራው ይህ ድልድይ ስንት ዘመን እግረኛ አሻግሯል! በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ የአላታው ይፍረስ ያለ ግን አልነበረም።

የጠጠር መንገዱ ነገር ላይ ደግሞ በከፊል እስማማለሁ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የገጠር ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የተሠራው ሥራ ትልቅ ነው፤ ማዳበሪያውም ሆነ የታመመው ሰው ከዚያ በኋላ የሚጓዘው በእሱ ነው። ያ መንገድ የሚደርሰው ግን እስከ ቀበሌው ማእከል ነው። ከማእከሉ እስከ ጎጡ፣ ከጎጡ እስከ ቤቱ ያለውን የሚያገናኘው የእግር መንገድ ነው። የእግሩን ብንዘጋ ጠጠሩ ለብዙ ሰው የማይደረስበት ይሆናል። ባጃጅም ሂሳብ አለው፤ ሁለት ዶሮና ጥቂት እንቁላል ይዛ ገበያ የምትወጣ እናት ለባጃጅ ከከፈለች ይዛ የምትመለሰው ይቀንሳል። ባለፉት ዓመታት አስፋልቱ በተዘጋባቸው ቀናት ሰው ዘመዱን የጠየቀው፣ መድኃኒት ያመጣውና መርዶ ያደረሰው በየት በኩል እንደነበር የአገሬው ሰው ያውቀዋል።

በደብተር ላይ የሉም ለሚለው መልሴ፣ ደብተሩን ገልጣችሁ እዩት ነው። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የእያንዳንዱ ማሳ አዋሳኝ በአራቱም አቅጣጫ ተጽፏል። በብዙ ደብተር ላይ ከአራቱ በአንዱ የተጻፈው የሰው ስም ሳይሆን «መንገድ» የሚል ቃል ነው። የባለይዞታው ማሳ እዚያ ላይ እንደሚያበቃ የራሱ ደብተር ይመሰክርበታል። መንገዱ በማንም ስም ያልተመዘገበው የጋራ ስለሆነ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ደንግጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ወደ ሕዝብ መንገድ መውጫ ያጣ ሰው በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ እንዲሰጠው መጠየቅ እንደሚችል ያስቀምጣል። መተላለፊያ ለአንድ ሰው እንኳ መብት ከሆነ፣ አንድ ጎጥ ሙሉ የሚወጣበትን መንገድ የማንም መብት አይደለም ማለት ከየት የመጣ ነው?

እውነቱን ለመናገር መንገዶቹ የጠበቡት ተጠቃሚ ስላጡ አይደለም። አዋሳኙ በየዓመቱ አንድ ፈር ወደ መንገዱ እየጨመረ ስለሚያርስ ነው። አንድ ፈር በአንድ ዓመት አይታይም። በዐሥር ዓመት ግን ጭነት ያለው አህያ የማያሳልፍ ይሆናል፤ ከዚያ አህያው በሌላ ይዞራል፤ ከዚያ ሣር ይበቅላል፤ በመጨረሻም ሰው የማይሄድበት ነው ተብሎ ይጻፍበታል። ወሰን የገፋው ሰው በመግፋቱ ሊሸለም አይገባም።

ቦረቦሩን በተመለከተ ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነት ነው። ተዳፋት ላይ ያለ የእግር መንገድ ውሃ ሲሰበስብ ይቦረቦራል፤ አንዳንዱም ሰው የሚውጥ ሸለቆ ሆኗል። ምክንያቱን ግን ሳይነግሩን አልፈዋል። በዚህ አካባቢ ገበሬው ክረምት ሲገባ ማሳው ውሃ እንዳይተኛበት ፈሰስ ያወጣል። ያ ፈሰስ በሥርዓት ወደ ተፋሰሱ ካልተመራ ከላይ ያለው ሁሉ ውሃውን የሚለቀው መንገዱ ላይ ነው። የስንት ማሳ ጎርፍ በአንድ ቀጭን መንገድ ሲወርድ መንገዱ ባይቦረቦር ይገርም ነበር። መንገዱን ማረስ ጎርፉን አያስቀረውም፤ የታረሰ አፈር ሲያገኝ ይበልጥ ይቆርጣል። የሚያዋጣው ፈሰሱን ተስማምቶ ማውጣት፣ በመንገዱ ላይ እያስቀየሱ ወደ ጎን የሚያፈሱ የድንጋይ ማፋሰሻዎች መሥራት ነው። በየዓመቱ በበጋ ለተፋሰስ ልማት ሕዝቡ ይወጣ የለ? የእግር መንገዱም በዚያ ዕቅድ ውስጥ ይግባ።

ስለ ጅብና ስለ ሌባ ብዙ አልልም። በጨለማ በእነዚህ መንገዶች የሚሄድ ሰው፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ የምትፈራው እውነተኛ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን የሚያስፈራው የተተወው መንገድ ነው። ተመንጥሮ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ዓይን ያለው ነው። ዳርና ዳሩን ቀጋው፣ አጋሙና ግራዋው ከልክ በላይ ከዘጋው በደቦ ማሳሳት ይቻላል። እርግጥ እስከ ሥሩ መንቀል የለበትም፤ ማሳው ሁሉ በታረሰበት አገር ዋንዛና ብሳና፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቅጠልና ንብ የምትቀስመው አበባ የተረፈው እዚያ የመንገድ ጠርዝ ላይ ነው።

ቱሪስት አይሄድባቸውም የሚለው ደግሞ ዘጌን ለሚያውቅ ሰው አስገራሚ ነው። ጀልባው የሚያደርሰው እስከ ወደቡ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ አዝዋ ማርያም የሚደረሰው በቡናው ጥላ ሥር በእግር ነው። ዘጌ የማይታረስ አገር ነው። በአባቶች ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ያበቀሉበት ምድር ስለሆነ ማረሻ አይገባበትም፤ ደኑም እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ይህ አኗኗር የሀብቱ አካል ነው። ያም ሆነ ይህ መንገዱ በቅድሚያ የነዋሪው ነው፤ ጎብኚ መጣም ቀረም።

አሁን ወደ ዋናው ወደ ወጣቶቹ ልምጣ። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 2 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ1 ኪሎ ሜትር ርዝመት 2,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ የአንድ ሄክታር አንድ አምስተኛ ነው፤ አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። እሱም በአንድ ቦታ ያለ መሬት አይደለም፤ በደርዘን በሚቆጠሩ ማሳዎች መካከል እንደ ክር የተዘረጋ ነው። በሬ ጠምዶ ማዞር አይቻልበትም። ወጣቱ ይህን ምን ያደርገዋል? የሚጠቀመው መሬት ያለው አዋሳኝ ነው፤ ማሳውን በአንድ ሜትር ያሰፋል። መሬት ለሌለው ተብሎ የተጀመረው ሐሳብ መሬት ላለው ጨምሮ ያበቃል።

ባሕር ዛፉ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በፈጣን እድገቱ ገንዘብ እንደሚያስገኝ አውቃለሁ፤ በሜጫ በኩል ስንት ቤተሰብ በእሱ ቤት ሠርቷል። ግን በማሳ መካከል በተዘረጋ ጠባብ መሬት ላይ ሲተከል ሥሩና ጥላው በግራም በቀኝም ያለውን አዝመራ ይጎዳል። ገበሬው ከጎረቤቱ የሚመጣውን ሥር ለመከላከል ቦይ ሲቆፍር የምናየው ለዚህ ነው። በመንገዱ ሙሉ ርዝመት ባሕር ዛፍ መትከል ማለት ሁሉንም አዋሳኝ ማጣላት ነው። ወጣቱ የሚፈልገው ሥራ ከሆነ ንብ ማነብ፣ ዓሣ ማስገር፣ ከብት ማድለብ አለ፤ ሦስቱም ወደ ግጦሹና ወደ ሐይቁ የሚያደርስ መንገድ ይፈልጋሉ።

በመጨረሻ ጸሐፊው ውሳኔውን ለቀበሌው ይተዉና አዋሳኞች ይስማሙ ይላሉ። ቀበሌው መወሰኑን አልቃወምም፤ የሚጠየቁት ሰዎች ግን ሌሎች ናቸው። የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አንድን መንገድ ለመዝጋት ከመነሣቱ በፊት ከብት ጠባቂዎቹን፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች፣ የእድር ዳኞቹን፣ ካህናቱን፣ ዓሣ አስጋሪዎቹን፣ ከላይ ጎጥ የሚወርዱትንም ጭምር ይሰብስብ። ጥያቄውንም በጥር ብቻ አያቅርብ፤ በነሐሴም ሄዶ ይየው። እስከዚያው የሚቀድመው ሥራ የየመንገዱን ስፋት ለክቶ በድንጋይ መከለልና በቀበሌው መዝገብ ላይ ማስፈር ነው፤ የሚቀጥለው የእርሻ ወቅት ሌላ አንድ ፈር ሳይወስድ።